የሽማግሌ ፊት እንዴት ይጠናል?



ባለፈው ዓመት ሥዕል የምንወድ ጥቂት ተማሪዎች ተሰብስበን፣ አንድ አረጋዊ ዘበኛ ለምነን ፊታችን አስቀመጥንና መልካቸውን በዘይት ቀለም ለመሣል ሞከርን። ሽበታቸውን፣ የግንባራቸውን ሽብሽብ፣ የጎበጠ ትከሻቸውን አንድም ሳናስቀር አሰፈርን። ሥራው ሲያልቅ ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩትና፣ «ልጆቼ፣ ሽማግሌስ ሽማግሌ ነው፤ ነገር ግን እኔ አይደለሁም» አሉን። እኛም ሳቅን፤ ማታ ግን ነገሩ ከነከነን። የሣልነው እርጅናን እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

ጥፋታችንን ለመረዳት የረዳን አንድ የታወቀ ሥዕል ስላለ፣ ዛሬ እርሱን አብረን እንመርምር። የሆላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1606 ተወልዶ በ1669 ሞተ። በዚያው በሞተበት ዓመት፣ በ63 ዓመት ዕድሜው፣ የራሱን መልክ ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ ሎንዶን ውስጥ በብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ይገኛል። ሬምብራንት ሚስቱ ሳስኪያ በ1642 ሞታበታለች፤ በ1656 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከስሯል፤ በ1668 ደግሞ ልጁን ቲቱስን ቀብሯል። ይህን የሚያውቅ ተመልካች በፊቱ ላይ ልቅሶ ይፈልግ ይሆናል፤ ነገር ግን አያገኝም። የሚያገኘው እጆቹን አጣምሮ በጸጥታ የሚመለከተውን አንድ ሰው ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንደኛ፣ ሠዓሊው የተነሣው ከሽብሽቡ ሳይሆን ከብርሃኑ ነው። ብርሃኑ በግንባሩና በአፍንጫው ላይ ያርፋል፤ ልብሱና ጀርባው ግን በጨለማ ቀለም ተውጠዋል። የፊት ቅርጽ፣ ማለት አጥንቱና ሥጋው፣ በብርሃንና በጥላ ከተገኘ በኋላ ሽብሽቡ በየቦታው ይገባል። እኛ ግን አስቀድመን መስመሮቹን ስለ ቆጠርን፣ የወጣት ራስ ላይ የሽማግሌ ቆዳ የለጠፍን መሰልን።

ሁለተኛ፣ የዘይት ቀለምን ጠባይ ዐውቆበታል። ይህ ቀለም በተልባ ዘይት ተለውሶ የሚሠራ ዱቄት ነው፤ ዘይቱም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ስለሚጠነክር፣ ደርቦና አዋሕዶ ለመሥራት ጊዜ ይሰጣል። ሬምብራንት ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ በወፍራሙ፣ ጥላውን በስሱ ይቀባል። ያረጀ ቆዳም አንድ ቀለም ብቻ የለውም፤ ቀይ፣ ቢጫና ግራጫ እየተቀያየጡ ይታዩበታል። እኛ ያዘጋጀነው ግን አንድ ቡናማ ብቻ ነበር።

ሦስተኛውና ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። ሥዕሉ በራጅ ሲመረመር፣ እጆቹ መጀመሪያ ላይ የሥዕል ብሩሽ ይዘው እንደ ነበሩ ታየ። በኋላ ብሩሹን አጥፍቶ እጆቹን አጣመራቸው። ስሙ የገነነ ሠዓሊ፣ በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመት እንኳ፣ የሠራውን አይቶ «ይህ ልክ አይደለም» ለማለት አላፈረም። ሙያውን የሚናገረውን ምልክት አስወግዶ ሰውየውን አስቀረ።

የእኛም ስሕተት ሥሩ ከዚህ ላይ ነበር። ሽማግሌውን የተመለከትናቸው በአዘኔታ ነው፤ አዘኔታ ደግሞ ገና ሳያይ የሚፈርድ ነው። ስለዚህ ማንም ባልንጀራችን የአረጋዊ መልክ ለማጥናት ቢነሣ፣ አስቀድሞ ብርሃኑን ይመልከት፤ ቀለሙን ያበራክት፤ የተሳሳተውን ለማጥፋት አይፍራ። ከሁሉ በፊት ግን የተቀመጠለትን ሰው ይወቅ።

እኛም ሌላ ሸራ ወጥረን ወደ ዘበኛው ተመልሰናል። በዚህ ጊዜ ቀለም ከመበጥበጣችን በፊት፣ በየቀኑ በር ሲከፍቱልን አንድም ቀን ያልጠየቅናቸውን ስማቸውን ጠየቅን።