ስኳር መነገድ ለጀመረ ልጄ

ልጄ፣ ከሚሴ ላይ ሱቅ ከፍተህ ስኳር መመዘን ጀመርክ አሉ፤ አላህ ይባርክልህ። ልብህ ቀና ነው፣ ሥራም አትፈራም። ግን ሰምተህ ሳትጨርስ ነው የምትነሳው። እስቲ ይቺን ቁጭ ብለህ አንብባት።

1. ስኳር ሲወደድ ያስረከበህን ነጋዴ ለመርገም አትቸኩል። ከጅቡቲ ተጭኖ፣ ሚሌንና ባቲን አቋርጦ የሚመጣው ኩንታል ዋጋው የሚቆረጠው እኛ ዘንድ አይደለም። ሕንድ በ2022 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ለአገሬ ሰው ይብቃ ብላ ወደ ውጭ የምትልከውን ስኳር ገደበች። በዓመቱ ዝናብ ሲያጥራት ይባሱን አጠበቀችው፤ የዓለም ዋጋም ከአስር ዓመት በላይ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጣ። ነጋዴ ሁሉ ጨዋ ነው አልልህም፤ አውቀዋለሁና። ግን የሩቁን ሰማይ ሳታይ የቅርቡን ሰው ሌባ አትበል።

2. አገሮች ተስማሙ ሲባል፣ ያልፈረመው ማን ነው ብለህ ጠይቅ። ስኳር ሻጭና ገዢ አገሮች በ1977 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው፣ የአንድ ፓውንድ ዋጋ ከ11 እስከ 21 የአሜሪካ ሳንቲም ባለው መካከል እንዲቆይ፣ ሻጮችም በኮታ እንዲልኩ ተዋዋሉ። ቁም ነገር ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ግን አልገባበትም፤ ገበሬውን እየደጎመ የተረፈውን ስኳር ገበያው ላይ አፈሰሰው። በ1985 ዋጋው ከ3 ሳንቲም በታች ወረደ። በሸንኮራ ብቻ የሚያድር አገር እንዴት እንደከረመ አንተው ገምት። አስር ሰው ያጠረውን አጥር አንድ በር ባዶ ያስቀረዋል። ዛሬ ለንደን የተቀመጠው ዓለም አቀፍ የስኳር ድርጅት፣ እኛም አባል የሆንበት፣ መረጃ ይሰበስባል፣ ያወያያል እንጂ ዋጋ አይቆርጥም። እኔ ይህንንም አልንቅም፤ ወሬ በትክክል መድረሱ ለነጋዴ ግማሽ ትርፍ ነው።

3. የውጭ እጅ ሲዘረጋልህ የሚያስቀርልህንም የሚያስከፍልህንም እይ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከጃንሆይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወንጂን አቆመ፤ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1967 ፋብሪካው በደርግ ተወረሰ፤ ሸንኮራ ማልማቱና ስኳር ማውጣቱ ግን እኛው እጅ ላይ ቀረ። የተንዳሆን ስኳር ፋብሪካ ደግሞ ተመልከት። የጨፋን ሜዳ አቋርጦ የሚወርደው ቦርከናችን አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም ወርዶ ተንዳሆ ይደርሳል፤ ስለዚህ ነገሩ የኛም ነው። ሕንድ ለተንዳሆ፣ ለፊንጫና ለወንጂ 640 ሚሊዮን ዶላር አበደረች። ተንዳሆ ከታሰበለት ጊዜ ብዙ ዘገየ። ፋብሪካ ይዘገያል፤ የብድር ቀን አይዘገይም። ለሱቅህም ብትበደር ይኸው ነው።

4. ረመዳን ሲቃረብ ስኳር አትደብቅ። ሐራም መሆኑን ታውቃለህ፣ አልደግምልህም። ሸማቾች ማኅበሩ በድንገት ሲያከፋፍል ደግሞ የደበቅከው እጅህ ላይ ይቀራል።

5. ደብተር ያዝ። እያንዳንዱ ኩንታል የገባበትን ቀን፣ የገዛህበትን ዋጋ፣ የየት አገር ስኳር እንደሆነ ጻፍ፤ አገሩ ከረጢቱ ላይ ታትሟል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ደርሰው የሚመለሱትን ሹፌሮች ጅቡቲ ወደብ ላይ ምን እንደተራገፈ ጠይቃቸው፤ እሱንም ከዋጋው ጎን ጻፈው።