ከመቀስ በፊት፦ ቀላል ቀሚስን ማቀድና መስፋት

በዚህ ትምህርታችን ከትከሻ እስከ ጉልበት በቀጥታ ስለሚወርድና በወገቡ ላይ ስፌት ስለሌለው ቀሚስ እናጠናለን። ጀማሪ ልትሰፋው የምትችለው ልብስ ነው፤ ይሁን እንጂ ዕቅድ ይፈልጋል።

በልጅነታችን እናታችን ለታላቅ እኅታችን የበዓል ቀሚስ ሰፍተውላት ነበር። በብዙ ወራት ቁጠባ የተገዛው የጥጥ ጨርቅ ሳይታጠብ ተቆረጠ። በበዓሉ ቀን አምሮባት ዋለች፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግን ቀሚሱ አልገባ አላት። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተፈታም ነበር፤ የጎደለው ዕቅዱ ነው። የተቆረጠ ጨርቅም ወደ ሱቅ አይመለስም።

አንደኛ፣ ልክ መውሰድ። ደረትና ዳሌ በሰፊው ቦታቸው ይለካሉ። ለምሳሌ የደረት ዙሪያ 88፣ የዳሌ ዙሪያ 96፣ ቁመት 100 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ልብሱ እንዳያጣብቅ በየዙሪያው 8 ይጨመራል። የዳሌው 104 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 26፣ ለስፌት 1.5 ሲታከልበት 27.5 ነው። የደረቱም በዚሁ ስሌት 25.5 ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የጨርቅ መጠን። በቁመቱ ላይ ለትከሻ ስፌት 1.5፣ ለታችኛው እጥፋት 5 ሲጨመር 106.5 ይሆናል። ጨርቁ 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ፊትና ጀርባው ጎን ለጎን ስለሚወጡ 1.25 ሜትር ይበቃል። ስፋቱ 90 ከሆነ ግን አንዱ ከሌላው በታች ስለሚቆረጥ 2.40 ሜትር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ማጠብ። የጥጥ ጨርቅ ስለሚኮማተር አስቀድሞ ይታጠብ፤ ደርቆም በካውያ ይተኮስ።

አራተኛ፣ ንድፍ። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር በትሪክ በ1863 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ ልክ የተዘጋጁ የወረቀት ንድፎችን መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ ለእኛ ግን ያረጀ ጋዜጣ ይበቃናል። የፊቱም የጀርባውም ግማሽ ብቻ ይነደፋል፤ መካከሉ በታጠፈው ጨርቅ ጠርዝ ላይ ይውላል። የጨርቁ ቋሚ ክር ከቀሚሱ ቁመት ጋር ይስማማ፤ አለዚያ ልብሱ ይጣመማል። የአንገቱ ቀዳዳ ዙሪያ ከራስ ዙሪያ ካነሰ ከበስተ ጀርባ መክፈቻ ይደረግለት።

አምስተኛ፣ ስፌት። በመጀመሪያ በእጅ አራርቆ ሰፍቶ መሞከር ይገባል፤ የሚፈታው በዚህ ጊዜ ያለ ጉዳት ይፈታልና። ከዚያም በማሽን ትከሻው፣ ቀጥሎ ጎኑ ይሰፋል። አንገቱና ብብቱ በቅዳጅ ጨርቅ ይታጠፋሉ፤ የታችኛው ጠርዝ በመጨረሻ ይዘመዘማል።

ይህን ለእናቶችና ለወጣት ሴቶች የምታስተምሩ ሁሉ፣ ተማሪዋ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ስሌቷን ጽፋ እንድታሳያችሁ አድርጉ። በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በጨርቅ ላይ የተገኘ ግን የቤተሰብን ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

መልመጃ፦ የዳሌ ዙሪያዋ 100፣ የቀሚሷ ቁመት 95 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ወጣት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ምን ያህል ሜትር ይገዛላት?