አሮጌ ፒክአፕን በአነስተኛ ወጪ ማደስ፦ ገንዘቡ በቅድሚያ የት ይዋል?

በቆቦና በአካባቢው ባለው የራያ ቆላ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ እንዲሁም ማሽላውና ጤፉ ገበያ የሚደርሰው በተሽከርካሪ ነው። ከእነዚህም መካከል ዕድሜያቸው ከብዙዎቹ አንባቢዎቻችን ዕድሜ የሚበልጥ ፒክአፖች ይገኙበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚህም ምክንያት በእጅ ያለውን አሮጌ ፒክአፕ በግቢ ውስጥ ማደስ ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛው አማራጭ ሆኗል።

ብዙውን ጊዜ እድሳት የሚጀመረው ዓይን ከሚያየው ማለትም ከቀለም፣ ከወንበርና ከመብራት ነው። ገንዘቡም እዚያው ያልቃል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን መወሰን ያለበት ዓይን ሳይሆን ፊዚክስና ኬሚስትሪ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

1. ፍሬን፦ ከፍታ ወደ ሙቀት ሲለወጥ

ከቆቦ ወደ ሰሜን ስንጓዝ ዋጃንና አላማጣን አልፈን በግራካሶ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮረም እንወጣለን። በአላማጣና በኮረም መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ከነጭነቱ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ ከኮረም ቢወርድ የሚያጣው የአቀማመጥ ጉልበት ምን ያህል ነው? ክብደቱን በከፍታውና በመሬት ስበት ፍጥነት ለውጥ ስናባዛ፦

2,000 × 9.8 × 1,000 = 19,600,000 ጁል

ይህ ጉልበት 58 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በከባድ ማርሽ ከወረደ ግን ሞተሩ ከፊሉን ይሸከምለታል።

የፔዳሉ ኃይል ወደ ጎማ የሚደርሰው በፓስካል ሕግ መሠረት በፍሬን ዘይት አማካይነት ነው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍላት ነጥቡ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። ፈሳሽ በቀላሉ አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም።

የፍሬን ዘይት መቀየርና አየሩን ማስወጣት ከሙሉ ቀለም ቅብ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ወጪ ነው። የመጀመሪያው ብር እዚህ ይዋል የምንለውም ለዚህ ነው። ሸራ፣ የዘይት ቱቦዎችና የመሪ መገጣጠሚያዎችም አብረው ይታዩ። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባትም ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል።

2. ማቀዝቀዣ፦ የራዲያተሩ ክዳን ምሥጢር

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህም ሞተር በተለምዶ ከሚሠራበት ሙቀት እምብዛም አይርቅም። የራዲያተሩ ክዳን 90 ኪሎ ፓስካል ተጨማሪ ግፊት ከያዘ ግን የመፍላት ነጥቡ ወደ 116 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ይህን ሁሉ ጥቅም ያሳጣል። በመሆኑም ሞተር አፈላ ብሎ ቴስታታ ከማስፈታት በፊት ክዳኑን መመርመር ብልህነት ነው።

የጉድጓድ ውሃ በብዛት የካልሲየም ባይካርቦኔት ይዟል። ውሃው ሲሞቅ ይህ ውሁድ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቱቦዎች ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ሞተሩ ይግላል። መፍትሔው ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ነው።

3. ሞተር፦ ጭሱን ማንበብ

ሞተር ከመፈታቱ በፊት ጭሱ ይታይ። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታል፤ የአየር ማጣሪያው በቆላው አቧራ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ፋሻው አልቆ ይሆናል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ የማቀዝቀዣ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ወይም ያልተቃጠለ ነዳጅ መውጣቱን ሊጠቁም ይችላል። ማጣሪያ በመቀየር የሚድን ሞተር ያለ ምክንያት መፈታት የለበትም።

4. ዝገት፦ በግቢ ውስጥ የሚሠራ ኤሌክትሮሊሲስ

ዝገት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ በሻሲው ጥጋጥግ የተጠራቀመ የክረምት ጭቃ እርጥበት አቁሮ ዝገቱን ያፋጥናል። ሻሲው በመጀመሪያ በደንብ ይታጠብ፤ ከዚያም በመዶሻ ቀስ እየተባለ ይመታ። ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠውን ግን ብየዳ ባለሙያ ይየው።

ማጠፊያንና የባትሪ ማስቀመጫን የመሳሰሉ ትንንሽ ክፍሎች በኤሌክትሮሊሲስ ሊጸዱ ይችላሉ። በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጥቂት ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይሟሟል። የዛገው ክፍል ከ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር አሉታዊ ጫፍ፣ አላስፈላጊ የብረት ቁራጭ ደግሞ ከአዎንታዊው ጫፍ ጋር ይያያዛል። ሁለቱ መነካካት የለባቸውም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዝገቱ ላልቶ በብሩሽ ይለቃል፤ በዝገት የተበላው ብረት ግን አይመለስም።

ሦስት ጥንቃቄዎች የግድ ናቸው። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ሥራው ከቤት ውጭና ከእሳት ርቆ ይከናወን። በሶዳው ፈንታ የገበታ ጨው ቢገባ መርዛማ ክሎሪን ሊወጣ፣ የማይዝግ ብረት በአዎንታዊው ጫፍ ቢያያዝ ደግሞ ጎጂ የክሮሚየም ውሁድ ሊፈጠር ስለሚችል ሁለቱም ክልክል ናቸው። ሃይድሮጅን ወደ ጠንካራ ብረት ሠርጎ በድንገት እንዲሰበር ስለሚያደርግ፣ የፍሬን፣ የመሪና የሞላ ክፍሎች በዚህ ዘዴ አይጸዱም።

5. ማጠቃለያ

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የሚያቆመው፣ የሚመራው፣ የሚያቀዘቅዘው፣ የሚያንቀሳቅሰው፣ የሚሸከመው፣ በመጨረሻም የሚያሳምረው ክፍል ይሆናል። ቀለም ብረቱን ከእርጥበት ስለሚከልል ጥቅሙ አይናቅም፤ ተራው ግን ከዝገት ጽዳት በኋላ ነው። ገንዘብ በመሐል ቢያልቅ ያልተቀባ መኪና በሰላም ከቆቦ ወልድያ ደርሶ ይመለሳል። አምሮ የተቀባውና ፍሬኑ ያልታየው ግን በኋላው ለተጫኑት ሰዎችም ሆነ በመንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ አደጋ ነው።

መልመጃ፦ ከላይ የተጠቀሰው ፒክአፕ ተጨማሪ 500 ኪሎ ግራም ሽንኩርት ቢጫን ከኮረም ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት በስንት ጁል ይጨምራል? ሞተሩ ከጠቅላላው ጉልበት ግማሹን ቢሸከም ለፍሬኑ የሚቀረውስ ስንት ነው?