ከካምፐር ጎን የሚተከል የሻወር መጋረጃ፦ ምን እንምረጥ? እንዴት እንትከለው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ጥያቄ ደረሰኝ። "ዶክተርዬ፣ ፒክአፓችን ላይ የሚጫን ካምፐር ገዛን። ውስጡ ሻወር የለውም፤ የውሃ መክፈቻው በውጪ በኩል ጎኑ ላይ ነው። ልጆችም አማቴም አብረውን ይሄዳሉ። ምን ዓይነት የሻወር መጋረጃ እንግዛ?" ይላል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ እኔ ሐኪም እንጂ የድንኳን ነጋዴ አይደለሁም። ቆይቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። በዚሁ በሻወር ድንኳን ምክንያት ልጄን ላጣት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አገር ቤት ላላችሁና ለማታውቁት፦ ካምፐር ማለት አልጋና ትንሽ ማብሰያ ያለው፣ በፒክአፕ መኪና የጭነት ቦታ ላይ ተጭኖ የሚሄድ ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤተሰብ ይዞ ገጠር ለማደር ይጠቀሙበታል። ብዙዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ገላ መታጠቢያው ውጪ ነው። ስለዚህ የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ኦክቶበር ላይ ከባለቤቴ፣ ከልጆቼና ልትጠይቀን ከአገር ቤት ከመጣችው እናቴ ጋር ከዴንቨር ተነስተን ዩታ፣ ሞአብ አካባቢ ሄድን። ቀን ፀሐዩ ደስ ይላል፤ ስትጠልቅ ግን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሁለት ዚፕ ያለው የሻወር ድንኳንና በጋዝ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ የውሃ ማሞቂያ ይዘናል። ማሞቂያው ላይ "ከቤት ውጪ ብቻ ይጠቀሙ" የሚል ጽሑፍ አለ። እኛ ደግሞ ሜዳ ላይ ነን፣ ከዚህ በላይ ውጪ የት አለ? ነፋሱ እሳቱን እያጠፋ ሲያስቸግረኝ ማሞቂያውን ድንኳኑ ውስጥ አስገባሁትና ዚፑን ዘጋሁ። ውስጡ ሞቅ አለ። በብልሃቴ ኮራሁ!

ልጄ ታጥባ ስትወጣ "አባዬ፣ ራሴን አመመኝ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ አቅለሸለሻት። እኔም ሐኪሙ "መንገዱ ነው፣ ምግብም አልበላችም" አልኩ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለካኋት፤ 98 አለ። "ደህና ነሽ" አልኳት። ተራዋን ስትጠብቅ የነበረችው እማዬ ግን ፎጣዋን እንደያዘች "አንተ ልጅ፣ እሳቱ የት ነው ያለው?" አለችኝ። "ውስጥ ነው እማዬ" አልኳት። "ታዲያ ከሰል መቷት ነዋ!" አለች።

ምን ልበላችሁ፣ ያኔ ነው የነቃሁት። ጋዙን ዘግተን ልጅቷን ወደ ንጹሕ አየር አራቅናትና ወዲያው ሆስፒታል ወሰድናት። በደም ምርመራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ተገኘባት። በማስክ ኦክስጅን ተሰጣት፤ ከሰዓታት በኋላ ፈገግ ብላ ወጣች። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ስለዚህ ከመጋረጃው ምርጫ በፊት ይህን እንያዝ። ማንኛውም ጋዝ፣ ከሰል ወይም ቤንዚን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። አይታይም፣ አይሸትም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ደሙ ይዞራል፣ ኦክስጅን ግን በሚገባው መጠን አይደርስም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት ነው። ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። በተለይ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይጎዳሉ።

መለኪያው ለምን 98 አለ? ተራው የጣት መለኪያ የሚያየው የደሙን ቅላት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘ ሄሞግሎቢንም ቀይ ስለሆነ መለኪያው ኦክስጅን የያዘ ይመስለዋል። በዚህ መሣሪያ ተማምናችሁ "ደህና ነው" እንዳትሉ። እኔ ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ለሌሎችም አስተምሬዋለሁ። ልጄ ፊት ግን ረሳሁት።

በእርግጥ ክፍት አየር ላይ ጋዙ ይበተናል። ችግሩ የሻወር ድንኳን "ውጪ" አለመሆኑ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ ገደማ ነው፤ ከቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም። በአራት በኩል ጨርቅ አለው፣ እርጥብ ጨርቅ ደግሞ አየር አያሳልፍም። ማሞቂያው ሁልጊዜ ከመጋረጃው ውጪ ይሰቀል፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ቱቦውና የሻወር ራሱ ብቻ ይሁን። ነፋሱ ከእናንተ ወደ ማሞቂያው እንዲነፍስ እንጂ ከማሞቂያው ወደ እናንተ እንዳይሆን አድርጉ። ነፋሱ እሳቱን ካጠፋው ያን ቀን ሻወር ይቅር፤ ፊት፣ ብብትና እግር በእርጥብ ፎጣ ይጠረግ፣ ማንም አይሞትም።

ሌላም አለ። ብዙ ካምፐሮች የራሳቸው የውሃ ማሞቂያ አላቸው፤ የቃጠሎው ጭስ የሚወጣው ጎናቸው ላይ ባለ ቀዳዳ ነው። አንዳንዴ ይህ ቀዳዳ የውጪው ሻወር አጠገብ ነው! መጋረጃውን ከመስቀላችሁ በፊት ማሞቂያውን አስነሡና ትኩስ አየር ከየት እንደሚወጣ ራቅ ብላችሁ እዩ። መጋረጃው ያን ቀዳዳ ከሸፈነ ጭሱ ወደ ታጣቢው ይሄዳል፣ ጨርቁም ሊቀልጥ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ቦታ ከሌለ መጀመሪያ ውሃውን አሙቁ፣ ማሞቂያውን አጥፉ፣ ከዚያ መጋረጃውን ስቀሉ። እኛ አሁን የምናደርገው ይህንኑ ነው። የመኪናው ሞተርና ጀነሬተሩም ይጥፉ። ካምፐሩ ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር፤ ባትሪውንም ሞክሩት።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ።

አንደኛው ዓይነት ራሱን ችሎ የሚቆም ድንኳን ነው። ከከረጢቱ ሲወጣ ፈንጠር ብሎ ይዘረጋል፤ መልሶ ማጠፍ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል (ባለቤቴና እኔ የተጣላነው እሱ ላይ ነው)። ጥሩነቱ ከካምፐሩ ርቆ ሊተከል መቻሉ ነው፤ ከማሞቂያው ቀዳዳም እጣቢው መግቢያው ላይ ከሚፈጥረው ጭቃም ትገላገላላችሁ። ድክመቱ ነፋስ ነው። ሁለተኛው በካምፐሩ ግድግዳ ላይ ተገጥሞ እንደ ክንፍ የሚዘረጋ ክንድ ወይም ቀለበት ያለው መጋረጃ ነው። ቶሎ ይዘረጋል፤ ነፋስ ሲመጣም ቶሎ ይታጠፋል። ነገር ግን ግድግዳው መበሳት አለበት፤ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ይገባና እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ሻጋታ ይመጣል። አስም ላለበት ሰው ሻጋታ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ በማግኔት ወይም ተጭኖ በሚጣበቅ ጎማ የሚያያዝ መጋረጃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የካምፐር ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ነው፤ ማግኔት አይዘውም። የፒክአፑ አካል ብረት ከሆነ ይይዛል፤ ከ2015 ሞዴል ወዲህ ያለው ፎርድ ኤፍ 150 ግን አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ እሱም ላይ አይሠራም። ከመግዛታችሁ በፊት የማቀዝቀዣችሁን ማግኔት ወስዳችሁ ሞክሩ። ጎማው ደግሞ ለስላሳና ንጹሕ ግድግዳ ይፈልጋል። አቧራ ካለ ወይም ብርድ ከሆነ ሳሙና ፊታችሁ ላይ እያለ ይወድቃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ልጆችና አዛውንት ላላችሁ ቤተሰቦች የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጣሪያው ክፍት የሆነውን፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር ገደማ የሆነውን። ዋናው ምክንያቴ ከካምፐሩ ጣሪያ ጋር አለመያያዙ ነው። የካምፐር ጣሪያ ከፍ ያለ ነው፤ መጋረጃ ለመስቀል በእርጥብ እጅ መሰላል ላይ መውጣት አጥንት ያሰብራል።

የጨርቁ ነገርም አለ። እማዬ የመጀመሪያውን ቀን አልታጠብም ብላ እምቢ አለች። "ያሳያል" አለችን። እኛ አያሳይም ብለን ተከራከርን። ማታ መብራት ውስጥ አንጠልጥለን ከውጪ ስናይ የሰው ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል! እማዬ ልክ ነበረች። ጠቆር ያለና ወፍራም ጨርቅ ምረጡ። መብራቱ ከታጣቢው ጀርባ ከሆነ ጥላው ጨርቁ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከአናት በላይ ይሰቀል፣ ወይም ከውጪ ይብራ። ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ አፍሮ ለአራት ቀን ያልታጠበ፣ ላለመሽናትም ውሃ የቀነሰ ሰው ለቆዳ ሕመምና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጋለጣል።

አተከላከሉ ላይ ቦታው ደልዳላ፣ ግን ትንሽ ዘንበል ያለ ይሁን፤ ውሃው ከካምፐሩ እግሮችና ከደረጃው ርቆ እንዲሄድ። አራቱንም ማዕዘን በካስማ ምቱ፣ ገመዶቹንም ወጥሩ። እንደ ሞአብ አሸዋ ከሆነ ካስማ አይይዝም፤ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ እግሮቹ ላይ አስሩ። ወለሉ ላይ ረብራብ ወይም ቀዳዳ ያለው ምንጣፍ አንጥፉ። ሁሉም የየራሱን ነጠላ ጫማ ያድርግ፤ የእግር ጣት ፈንገስ በቤተሰብ መካከል የሚዞረው እንዲህ ባለ የጋራ እርጥብ ወለል ላይ ነው። እጣቢው ከወንዝና ከሐይቅ ቢያንስ 60 ሜትር መራቅ አለበት፤ "በተፈጥሮ የሚበሰብስ" የተባለው ሳሙናም ቢሆን።

የውሃው ሙቀትስ? ጥቁሩን የፀሐይ ከረጢት የምትጠቀሙ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ከምታስቡት በላይ ይሞቃል። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ በስድስት ሰከንድ ገደማ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል፤ የልጅ ቆዳ ደግሞ ስስ ስለሆነ ከዚያም ይፈጥናል። ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃል። በርካሽ ቴርሞሜትር ለኩት፤ ከሌለ በእጃችሁ አንጓ ሞክሩ። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ግን ራሱ አይሞክር፣ ሌላ ሰው ይሞክርለት። ሃያ ሊትር የያዘ ከረጢት ሃያ ኪሎ መሆኑንም አትርሱ፤ በመጋረጃው ቀጭን ዘንግ ላይ አይሰቀልም።

በከረጢቱ ወይም በታንከሩ ውስጥ ለቀናት የቆየ ለብ ያለ ውሃ ሌላ ጣጣ አለው። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በሻወር ጠብታ ወደ ሳንባ ሲገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ስሙን ያገኘው በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የቀድሞ ወታደሮች ጉባኤ ላይ ከተነሣው ወረርሽኝ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የሚያጨሱ፣ ሳንባቸው ወይም የበሽታ መከላከያቸው የደከመ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከጉዞ ስትመለሱ ከረጢቱንም ቱቦውንም አፍስሱና አድርቁ፣ በሚቀጥለው ጉዞ አዲስ ውሃ ሙሉ፣ የመጀመሪያውንም ውሃ ሳትተነፍሱት አስፈስሱ። የምትሞሉትም የሚጠጣ ውሃ ይሁን። የሐይቅ ውሃ ለሻወር አልመክርም፤ በተለይ ሙቅ በሆነ ወቅት አፍንጫ ውስጥ ሲገባ እምብዛም ባይከሰትም ገዳይ የሆነ የአንጎል ኢንፌክሽን የሚያስከትል አሜባ አለ።

ጠያቂዬ፣ ለአማትዎ ደግሞ ይህን ጨምሩ። ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ግፊት ይቀንሳል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቆመው ሲታጠቡ ሊያዞራቸው ይችላል። ውስጥ የማይንሸራተት የፕላስቲክ መቀመጫ ይግባ፣ ቁጭ ብለው ይታጠቡ፣ ዚፑም እስከ ታች አይዘጋ። መጀመሪያ ፀሐይ ሳለች እሳቸው ይታጠቡ፣ ልጆች ቀጥሎ። አንድ ሰው ውጪ ቆሞ እያወራቸው ይቆይ። ከተኛን በኋላ ነፋስ ይነሣ ይሆናል፣ ስለዚህ ማታ ድንኳኑን አውርዱት። እርጥብ ሆኖ ከታጠፈም ቤት ስትደርሱ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አንድ ሰው ከሻወር ወጥቶ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው መጀመሪያ እሳቱን አጥፉና ወደ ንጹሕ አየር አውጡት። ራሱን ከሳተ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ደረቱን ካመመው 911 ደውሉ። ቀላል መስሎ ከታያችሁም የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል 1-800-222-1222 ሌት ተቀን በነጻ ይመልሳል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሐኪም ቤት ስትደርሱ "ጋዝ ማሞቂያ ድንኳን ውስጥ ነበር" ብላችሁ ተናገሩ፤ ካልነገራችኋቸው እንደኔ "መንገዱ ነው" ሊሏችሁ ይችላሉ።