ያገለገለ ኤም ዋን ከመተኮስዎ በፊት፦ የክፍተትና የበርሜል ምርመራ ደረጃ በደረጃ

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሰደፉን እንጨትና የብረቱን ቀለም ነው። ሁለቱም ስለ ደኅንነቱ ምንም አይናገሩም። ዋናው ነገር ሁለት ቦታ ተደብቋል፤ አንዱ በመዝጊያው ፊትና በጥይት ማጉረሻው ትከሻ መካከል ያለው ክፍተት (ሄድስፔስ) ሲሆን ሌላው የበርሜሉ መበላት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። በርሜል ሲበላ አረሩ ዒላማውን ይስታል። ክፍተት ሲሰፋ ግን ቀለሁ ተበጥሶ የሚፈነዳው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመረመረው ክፍተቱ ነው።

እዚህ በምሳሌነት የወሰድነው ኤም ዋን ጋራንድን ነው። የአሜሪካ ጦር በ1936 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ፣ በእያንዳንዱ ቃታ ስበት አንድ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም የታጠቀው ይህንኑ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ሲኤምፒ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የሲቪል ተኳሾች ፕሮግራም ለዜጎች በሕግ ይሸጠዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ30-06 ጥይት የተሠሩ ሦስት የብረት መለኪያዎች (ጎ፣ ኖ-ጎ እና ፊልድ)፣ የማጉረሻ ብሩሽ፣ ጨርቅና ማጽጃ ፈሳሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ የዓይን መከላከያ። ለዚህ ጥይት ዝቅተኛው ክፍተት 49.28 ሚሊ ሜትር፣ ከፍተኛው 49.53 ሚሊ ሜትር ነው። ሁሉንም የሚወስነው ይህ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው።

1. ጠመንጃውን ባዶ ያድርጉ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ። መዝጊያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስበው ያስቁሙ፤ ውስጡ ጥይት ካለ ያውጡ። ማጉረሻውን በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣትም ይፈትሹ። በምርመራው ክፍል ውስጥ አንድም እውነተኛ ጥይት አይኑር።

2. የጥይቱን ዓይነት ያረጋግጡ። አንዳንድ ጋራንዶች ወደ 7.62 ኔቶ ተቀይረዋል። በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ። የሌላ ጥይት መለኪያ የሚሰጠው ውጤት ዋጋ የለውም።

3. ይፍቱ፣ ያጽዱ። የቃታውን ክፍል፣ ሰደፉን፣ የመመለሻውን ሞላና መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ያውጡ። ከመዝጊያው ላይም ቀለህ መንጠቆውንና በሞላ የሚሠራውን ቀለህ ወርዋሪ ያንሱ፤ ሞላው መለኪያውን ገፍቶ ውጤቱን ያዛባልና። ከዚያ ማጉረሻውን፣ የመዝጊያውን ፊትና ሁለቱ የመዝጊያ ጥርሶች የሚገቡበትን ቦታ በደንብ ያጽዱ። ትንሽ የቆየ ቅባት ብቻ ጥሩውን ጠመንጃ ጠባብ ሊያስመስለው ይችላል።

4. በጎ መለኪያ ይጀምሩ። መለኪያውን በእጅ ወደ ማጉረሻው ያስገቡ። መዝጊያውን በጣት እየገፉ ቀስ ብለው ያዙሩት። በኃይል አይዝጉ፤ በሞላ ተወርውሮ እንዲዘጋም አይልቀቁ፤ መለኪያውም ማጉረሻውም ይጎዳል። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ መዞር አለበት። ካልዞረ እንደገና ያጽዱ። አሁንም እምቢ ካለ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት።

5. ኖ-ጎና ፊልድ ይከተሉ። በኖ-ጎ ላይ መዝጊያው ካልተዘጋ ጥሩ ነው። በኖ-ጎ ተዘግቶ በፊልድ ካልተዘጋ ጠመንጃው አርጅቷል፣ ግን ገና ከወሰኑ አላለፈም፤ ቀለሁን እየተከታተሉ መተኮስ ይቻላል። በፊልድ ከተዘጋ እዚያው ያቁሙ። ባለሙያ ሌላ መዝጊያ ሞክሮ እንደገና ሊለካ ይችላል፤ ካልሆነ በርሜሉ ይቀየራል። መዝጊያ የቀየረ ሁሉ እንደ አዲስ መለካት ግዴታው ነው።

6. የተተኮሰ ቀለህ ያንብቡ። ሲተኮስ የቀለሁ ስስ ግድግዳ በግፊቱ ከማጉረሻው ጋር ይጣበቃል፤ ወፍራሙ መቀመጫ ግን መዝጊያው እስኪያስቆመው ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ናስ ይሳሳል። ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀለበት ካዩ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ይዳብሱ፤ ሽቦው ጎድጓዳ ላይ ከተያዘ ቀለሁ ሊበጠስ ነው። ሆኖም ራሳቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የቀለሁን ትከሻ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከገፉት፣ በጤነኛ ጠመንጃም ይኸው ምልክት ይታያል።

7. አሁን በርሜሉን ይመልከቱ። ሁለት የሚበሉ ጫፎች አሉት። የመጀመሪያው አረሩ ከማጉረሻው ወጥቶ ጠመዝማዛውን ቦይ የሚይዝበት ቦታ ነው፤ ይህን የሚበላው የባሩዱ ሙቀትና ግፊት ነው። ሁለተኛው አፈሙዙ ነው፤ እሱን ከጥይት ይልቅ የሚጎዳው የጽዳት ዘንግ ነው። የጋራንድ ጀርባ ዝግ ስለሆነ ዘንጉ የሚገባው በአፈሙዙ በኩል ነውና።

ሁለቱም እየሰፋ በሚሄድ ዘንግ መለኪያ ይለካሉ። በሲኤምፒ አመዳደብ ሰርቪስ የሚባለው ደረጃ በማጉረሻው በኩል ከ5 በታች፣ በአፈሙዙ 3 ወይም ከዚያ በታች የሚያነብ ነው። ፊልድ የሚባለው ደረጃ ደግሞ በማጉረሻው በኩል ከ5 በላይ ሆኖ ከ10 በታች ነው። ይህ የጠመንጃ ደረጃ ስም ስለሆነ ከፊልድ መለኪያ ጋር አያምታቱት። በባትሪ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ቦይ አያታልልዎ፤ የሚያበራ በርሜል የተበላ ሊሆን ይችላል፤ የጠቆረውም በትክክል ሊመታ ይችላል።

8. ዕድሜውን ያራዝሙ። የጋራንድ በርሜል ውስጡ በክሮም አልተለበጠም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀሩ የ30-06 ጥይቶች አብዛኛዎቹ ካፕሱላቸው ጨው የሚተው ነው፤ እሱም እርጥበት ስቦ ያዝጋል። እንዲህ ያለ ጥይት ከተኮሱ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ዘይት ይቀቡ። የጋዝ ቱቦውን አይርሱ። በሚያጸዱ ጊዜ ዘንጉ ቦዩን እንዳይፍቅ አፈሙዙ ላይ መምሪያ ቀለበት ያድርጉ። በርሜሉ ሲግልም አረፍ ያድርጉት።

የተበላ በርሜል ያለው ጠመንጃ በቅናሽ ሊገዛ ይችላል፤ ጉዳቱ ዒላማ መሳት ነው። የፊልድ መለኪያ የተዘጋበትን ግን ምንም ያህል ቢረክስ፣ ባለሙያ ጠግኖ እንደገና እስኪለካው ድረስ አንድም ጥይት አያጉርሱበት።