የምሽቱ ቴስታ ለምን ደበዘዘ?

በአንድ የእሑድ ምሽት በአዲስ ከተማ፣ አማኑኤል አካባቢ፣ የሰፈር ወጣቶች ድንጋይ ለጎል አቁመው በመንገድ መብራት ሥር ሲጋጠሙ ፎቶግራፍ አንስተን ነበር። በቴስታ ጎል ያገባው ወጣት ለእናቱ ሊያሳየው ፈልጎ ምስሉን ጠየቀን። አይቶትም «ጋሼ፣ ፊቴ የት ሄደ?» አለ። ፊዚክስ ለምናስተምር ሰዎች ጥያቄው አሳፋሪ ነበር።

ፊቱን የወሰደው፣ የካሜራው ሻተር ለብርሃን ክፍት በነበረበት ጊዜ ልጁ የተጓዘው ርቀት ነው። ርቀት የፍጥነትና የጊዜ ብዜት እንደመሆኑ፣ በሰከንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ተጫዋች በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ 6 ሚሊሜትር ብቻ ይሄዳል፤ በ1/80 ሰከንድ ውስጥ ግን 7.5 ሳንቲሜትር፣ ማለትም የፊቱን ስፋት ግማሽ ያህል ይጓዛል።

በቀን 1/1000 ሰከንድ ማግኘት አይከብድም። የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ የሚደርስ ብርሃን ትሰጣለች። የቀን ችግር ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ የተጫዋቾቹ ዓይኖችም በጥላ ይሸፈናሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ማንሳት ይመረጣል።

በመንገድ መብራት ሥር ያለው ብርሃን 20 ሉክስ ቢሆን፣ ከቀኑ 5,000 ጊዜ ያነሰ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 2 ከፍተን፣ አይኤስኦውን 6400 ብናደርግ እንኳ የሚቀረን 1/80 ሰከንድ ነው። አይኤስኦን ከዚህም በላይ ከፍ ማድረግ አዲስ ብርሃን አያመጣም፤ የተገኘውን ጥቂት ብርሃን ከነጉድለቱ ያጎላል እንጂ። ፍላሽስ? በ3 ሜትር ላይ የሚበቃ ፍላሽ በ15 ሜትር ላይ 25 ጊዜ ይደክማል፤ በዚያ ላይ የበረኛውን ዓይን ያጥበረብራል።

ሻተሩን ማፍጠን ካልቻልን የተጫዋቹን ዝግታ መፈለግ አለብን። ወደ ላይ የተወረወረ ነገር ሁሉ ከፍታው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሽቅብ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ባለበት ቆሞ 60 ሳንቲሜትር የሚዘል ልጅ በአየር ላይ 0.7 ሰከንድ ይቆያል፤ ከዚህም ግማሹን የሚያሳልፈው በላይኛዎቹ 15 ሳንቲሜትር ውስጥ ነው! ከጫፉ 0.05 ሰከንድ ብንስት እንኳ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/80 ሰከንድም የሚንቀሳቀሰው 6 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። የቀኑን ጥራት በምሽት አገኘን ማለት ነው።

መቼ እንጫን? እግሩ ከመሬት ከተነሣ ጫፍ እስኪደርስ 0.35 ሰከንድ ይፈጃል። ዓይናችን አይቶ ጣታችን እስኪታዘዝ 0.2 ሰከንድ ያህል ይሄዳል፤ ካሜራው ራሱም ጥቂት ይዘገያል። እንግዲህ እግሩ ሲነሣ ባየን ቅጽበት መጫን ነው፤ ኳሱ ግንባሩን እስኪነካ የጠበቀ ሰው ልጁን ሲወርድ ያነሣዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ክርናችንን ግድግዳ ላይ አስደግፈን የማዕዘን ምት ጠበቅን። በአራተኛው ሙከራ የወጣቱ ፊት፣ የቅንድቡ ላብ ሳይቀር፣ ጠርቶ ወጣ። ኳሱ ግን ነጭ ጭረት ብቻ ነበር። ወጣቱ ቅር አላለውም።