ዘርና እህል አንድ አይደሉም

የዘሪውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ስለ መሬቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ተወያይተናል፤ ዛሬ ግን ዘሪው በእጁ ስለ ያዘው ዘር እንነጋገር። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነን። መካነ ሰላም ከተማ ተቀምጠን ብንማርም የምንበላው ወላጆቻችን በቦረና ማሳ የሚያመርቱትን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ነው።

እንደሚታወቀው በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ምድር ታላቅ ረኃብ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ክፉ ቀን ቤተሰቡ ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ ለዘር ያኖረውን ይበላል። ልጆቹ ተርበውበት ዘሩን በበላ ሰው ላይ ልንፈርድ አይገባንም። ነገር ግን ዝናቡ ሲመለስ የሚዘራ ይታጣል፤ ችግሩም ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ከሩቅ ገበያ የተገዛ ዘር ደግሞ ያገራችንን ብርድና የዝናብ ወራት ላይችል ይችላል።

ይህን አደጋ ቀድመው ከተገነዘቡት አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመታት የመሩት እኒህ ምሁር፣ በድርቁ ዘመን ያገር ዘር ፈጽሞ ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ አደረጉ። በኋላም ዘሩ ወደ ገበሬው ማሳ እንዲመለስ ብዙ ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው የዘር ባንክ የእናቶቻችን ቅልና ጎታ ነው። ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

1ኛ. አመራረጥ። ዘር የሚመረጠው ከአውድማ ሳይሆን ሰብሉ ሳይታጨድ ከማሳው ነው። ስንዴና ገብስ ከሆነ ዛላው የሞላውን፣ ዋግ ያልመታውን፣ ወደ ጥቁር ዱቄት ያልተለወጠውን እንለይ። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለ ሆነ አረም የሌለበትንና ያልተጋደመውን የማሳውን ክፍል መርጠን ለብቻው እንውቃ።

2ኛ. አቀማመጥ። ዘሩን በደንብ አድርቀን ከሚበላው እህል ለይተን እናስቀምጥ። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ስለዚህ አባቶቻችን ትልልቁን እህል ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያኖራሉ፤ ደቃቁ ጤፍ ክፍተቱን ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል።

3ኛ. ሙከራ። ግንቦት ላይ ሳይመርጡ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና እንዳይደርቅ እየጠበቁ አንድ ሳምንት ያህል ማቆየት ነው። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው። እኛም ከአንድ አባት ጎታ ባቄላ ወስደን ብንሞክር የበቀለው 58 ብቻ ሆነ። እኒያ አባት ለጊዜው ቢያዝኑም፣ ሰኔ ሳይገባ ከጎረቤታቸው ዘር ለውጠው ዘሩ። ሙከራው ባይደረግ ኖሮ የማሳቸው እኩሌታ ባዶ በቀረ ነበር።

4ኛ. አዘራር። የጤፍ መሬት ደጋግሞ ታርሶ መለስለስ አለበት፤ ዘሩም ከላይ ይበተናል እንጂ በጥልቀት አይቀበርም። በተለምዶ ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይበተናል፤ በመስመር ሲዘራ ግን የዚህ እኩሌታ እንኳ ይተርፋል። የተረፈው ዘር ለቸገረው ጎረቤት ይሆናል።

አዲስ ዘርስ እንጥላ? አንጥላም። ደብረ ዘይት ከሚገኘው የምርምር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ቁንጮ ጤፍ በብዙ አገር ምርት ጨምሯል። ቁንጮም ራሱ የተገኘው ቀድሞ ከነበሩ የአገራችን ጤፎች ድቀላ ነው። ስለዚህ አዲሱን በጥቂት ቦታ እንሞክር፣ ነባሩንም አንጣል። ዝናብ ሲዘገይ አንዱ ቢከዳን ሌላው ይደርስልናልና።

በጥጋብ ዘመን የተለየች አንዲት ቁና ዘር በክፉ ቀን ቤት ታቆማለች። ለክፉ ቀን መዘጋጀት የሚጀመረው ጎተራው ሙሉ ሳለ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ. በቤታችሁ ዘር የሚመርጠውና የሚያኖረው ማን ነው? ጠይቃችሁ ምን ተማራችሁ?
ለ. ዘር ላለቀበት ጎረቤት እንዴት ልንደርስለት እንችላለን?